በቀን 10 ደቂቃ ሜዲቴሽንና የትንፋሽ ልምምድ፦ ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ሰው አለ?

የታቦር ጎረቤት (ጥያቄውን የከፈተች)

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ሲመጣ ሒሳብ ክፍል ምን እንደሚመስል የሙያው ሰው ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ አፍጥጬ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ቁጥሩ አልጋዬ ድረስ ይከተለኛል። ደረቴን ጭንቅ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኢሲጂ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ «ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው» ተባልኩ። ዶክተሩ «ትንፋሽሽ ላይ ሥሪ» ብሎ ሸኘኝ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩትም። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው እያየ ማን ይጠይቃል?

ቤት ገብቼ ዩቲዩብ ከፈትኩ። አንዱ 40 ደቂቃ ተቀመጪ ይላል። ሌላው በአፍንጫሽ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ 16 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ 64 እስክትቆጥሪ ያዢ፣ በ32 አውጪ ይላል። 64! እኔ 20 ሳልደርስ ዓይኔ ሊፈርጥ ነበር።

የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። በቀን 10 ደቂቃ፣ ቤት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ከየት ልጀምር? የእምነቱም ጉዳይ ያሳስበኛል (ኦርቶዶክስ ነኝ)። የምታውቁ በጨዋ ደንብ አስረዱኝ፤ ስድብ ግን አልፈልግም።

ባጃጅ በፒያሳ

10 ደቂቃ ጸጥታ ካገኘሽ አድራሻውን ለእኛም ላኪልን ሃሃሃ። የምሬን ግን፣ መንገድ ሲዘጋጋ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ተሳፋሪ በመልስ ሲጨቃጨቀኝም እንደዚያው። ስሙን አላውቅም እንጂ ይሠራል።

ሲስተር ሐይቅ ዳር

ሰላም እህቴ። ነርስ ነኝ እንጂ የዮጋ አስተማሪ አይደለሁም። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስወጣ እንቅልፍ ስለሚያስቸግረኝ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ ያንን 16፣ 64፣ 32 ተዪው። የቆየ የዮጋ መጠን ነው፤ አንድ እጅ ማስገባት፣ አራት እጅ መያዝ፣ ሁለት እጅ ማውጣት። ከአስተማሪ ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ይደርስበታል። ሰኔ ላይ ከኤክሴል የተነሣ ሰው የሚጀምርበት አይደለም።

ለጀማሪ ትንፋሽ መያዝ ጭራሽ አያስፈልግም። በአፍንጫሽ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ በአፍንጫሽ 6 እየቆጠርሽ አውጪ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ፈጀ ማለት ነው፤ በደቂቃ 6 ይመጣል። ጤነኛ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ በግማሽ ቀነስሽ። ከከበደሽ በ3 አስገብተሽ በ4 አውጪ። አየር አጠረኝ ብለሽ መጨረሻ ላይ የምትጎትቺ ከሆነ ቁጥሩ በዝቶብሻል።

አቀማመጥ ላይ አትጨነቂ። ዱካም፣ ወንበርም፣ የአልጋ ጠርዝም ይሆናል። እግር ማጣጠፍ ግዴታ አይደለም። ጀርባሽ ቀጥ ይበል፣ ትከሻሽ ይውረድ፣ ጥርስሽን አትንከሺ። አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ፣ ሌላውን ደረትሽ ላይ አድርጊ። አየር ስታስገቢ መነሣት ያለበት የታችኛው ነው። ጭንቀት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሣው የላይኛው ነው፤ ትከሻውም አብሮ ይወጣል። እጅሽን እያየሽ ለታችኛው ልቀቂለት።

ማውጣቱ ለምን ይረዝማል ካልሽ፣ ራስሽ ፈትሺው። ሁለት ጣትሽን የእጅ አንጓሽ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፊና ትርታሽን ፈልጊ። ጫን አትበይው። ካገኘሽው በኋላ በቀስታ አስገቢ፤ ትርታው ይፈጥናል። በቀስታ አውጪ፤ ይዘገያል። ወጣት ከሆንሽ ልዩነቱ ከጣትሽ ሥር በደንብ ይሰማሻል። አየር ስናወጣ ቬገስ የሚባለው ከአንጎል የሚወርድ ነርቭ ለልብ ፍሬን ይይዝላታል። ማውጣቱን ስናረዝም ፍሬኑ ቆይቶ ይለቀቃል።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ግላኮማ ያለበት፣ ሄርኒያ ያለበት ወይም በቅርቡ ሆዱን የተከፈተ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ትንፋሽ መያዝና በኃይል ቶሎ ቶሎ መተንፈስ አይሞክሩ። ቀስ ያለው ለብዙ ሰው አያሰጋም፤ እሱንም ቢሆን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ «በትንፋሽ ተሻለኝ» ብሎ ክኒኑን እንዳያቆም። አስም ያለበትም የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሱ አያውጣ። ይህን የምለው ስላየሁ ነው።

ሰንበት ተማሪ

እህቴ፣ ስድብ የለም፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ከሕንድ እምነት ውስጥ የወጣ መንገድ ነው። በጥንቱ የዮጋ መምህር በፓታንጃሊ ትምህርት ስምንት ክፍሎች አሉት፤ የትንፋሹ ልምምድ አራተኛው፣ ሜዲቴሽኑ ሰባተኛው ነው። ወደ አንድ መድረሻ የተሠራ መንገድ ነው ማለት ነው። እኛ ቤት አርምሞ አለ፣ መቁጠሪያ አለ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ አለ። የራስን ትቶ የጎረቤት ማጀት ውስጥ ምን ያስገባል?

ፋርማሲስቱ

@ሰንበት ተማሪ፣ ታሪኩን በትክክል አስቀምጠኸዋል፤ አብዛኛው ሰው ይህን እንኳ ሳያውቅ ነው የሚከራከረው። አንድ ነገር ልጨምር። በ2001 እ.ኤ.አ. የጣልያን ተመራማሪዎች 23 ጤነኛ ሰዎችን አስቀምጠው የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን አስደገሟቸው፤ ከዚያ የዮጋ ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉት ቃል) አስደገሟቸው። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ፣ የልብ ምታቸውም ከትንፋሹ ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ። በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ነው የወጣው። ስለዚህ መቁጠሪያህን ረጋ ብለህ ብትይዝ ሰውነትህ ሲስተር ያለችውን ያገኛል።

ሰንበት ተማሪ

ጥናቱ ስለ ሰውነት ይነግርሃል። ማንን እንደምትጠራ አይነግርህም።

ፋርማሲስቱ

እሱስ ልክ ነው። የማትፈልገውን ስም አትጥራ፤ ቁጥር ብቻ ቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የማንም እምነት አይደለም።

የታቦር ጎረቤት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። እስከዚያው ቁጥሩን እይዛለሁ፤ ቁጥር መቼም ሥራዬ ነው።

መናኸሪያ ሰፈር

እኔ ሙስሊም ነኝ። ከሱብሒ በኋላ መስገጃዬን ሳላጥፍ ዚክሬን እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ ቁጭ እላለሁ። ትንፋሼን ብቻ ነው የማዳምጠው። የምመክርሽ አንድ ነገር፣ ለብቻው ሰዓት አትፈልጊለት። ድሮም ከምታደርጊው ነገር ጋር እሰሪው። እኔ አላርም ሞልቼ ስሞክር አላርሙን አጥፍቼ ነበር የምተኛው። ከሰላቱ ጋር ከሆነ ወዲህ አይረሳኝም። ለአንቺ ጸሎትሽ አለ፤ ወይም ቡና ከመጣዱ በፊት።

የጽሞና ሰዓት

እኔም ጴንጤ ነኝና የጽሞና ጊዜ ያለን ሰዎች ግማሹን ሠርተነዋል። የጎደለን ዝም ማለት ነው። እኛ ስንጸልይ እናወራለን እናወራለን፣ ሰዓቱ ያልቃል። አሁን ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቁጥር አነብባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ ጥቂት ደቂቃ በቀስታ እተነፍሳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ «ተኝተሻል እንዴ?» እያለ ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ታቦር ላይ ሯጭ

ሐይቁ ዳር ሞክሩት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልዩ ነው። ፍቅር ሐይቅ በኩል አግዳሚ ላይ ቁጭ ማለት ነው። አሞራ ገደል ግን አይመከርም። ዓሣው፣ አባ ኮዳው፣ ሽታው፣ የዓሣ ሾርባ ጥሪው። ጦጣዎቹ ደግሞ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በጣም ይወዳሉ፤ ሙዝ ይዛችሁ እንዳትቀመጡ። ማታ ማታ ቢምቢ ስላለ እዚያ አትሞክሩት።

ባጃጅ በፒያሳ

ሜዲቴሽን ላይ ሆነህ በጦጣ መዘረፍ። ሐዋሳዬ።

ዶርም ሦስተኛ ፎቅ

እኔ ጋ ሌላ ችግር ነው ያለው። ያ «ቶሎ ቶሎ» የሚባለውን ሞክሬ ነበር። በአፍንጫ በኃይል፣ ሆድ ወደ ውስጥ እየመታ። ከንፈሬ አካባቢና ጣቶቼ ላይ ንዝረት መጣ፣ ጭንቅላቴ ቀለለኝ። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው «ኃይል እየገባ ነው» ይላል። ገብቶ ነው?

ሲስተር ሐይቅ ዳር

ኃይል አልገባም ወንድሜ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የወጣው። ከሚያስፈልግህ በላይ ስትተነፍስ ደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል። ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስህን ቀለል ይልሃል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። የጭንቀት ጥቃት የያዘው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ሲመጣብህ ልምምዱን አቁም፣ ቁጭ በል፣ ትንፋሽህን ወደ ተፈጥሮው መልስ። የወረቀት ከረጢት አፍ ላይ ማድረግ የሚሉትን ተወው፤ ችግሩ የልብ ወይም የሳንባ ከሆነ አደጋ አለው።

ቶሎ ቶሎ የሚተነፈሰው ካፓላባቲ ይባላል። በባለሙያ ፊት የሚማሩት ነው፤ ጭንቀት ላለበት ጀማሪ ግን አልመርጥለትም። ቆመህ ወይም ውኃ ውስጥ ሆነህ ደግሞ በፍጹም። ሐይቅ ዳር የምትዋኙ ልጆች ይህን ስሙኝ፦ ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ ትንፋሽን ይዞ መጥለቅ ሰው ይገድላል። አየር ፈልግ የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ እሱን አስወጥተህ ስትጠልቅ ምልክቱ ሳይመጣ ራስህን ትስታለህ።

ዶርም ሦስተኛ ፎቅ

እሺ ሲስተር፣ ገባኝ። ሌላ ጥያቄ፣ ቀስ ያለውን ስሠራ ሐሳቤ አይቆምም። ፈተና፣ ብር፣ ልጅቷ፣ እንደገና ፈተና። ለእኔ የተሠራ አይመስለኝም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የማንም ሐሳብ አይቆምም። አንጎል ሥራው ማሰብ ነው። ከ1 እስከ 10 ትንፋሽህን ቁጠር፤ ከጠፋብህ ሳትናደድ ከ1 ጀምር። መጥፋትህን ያወቅህባት ቅጽበት ናት ልምምዱ። 10 ሳትደርስ ሃያ ጊዜ ብትመለስ ሃያ ጊዜ ሠራህ ማለት ነው።

እኔ የተማርኩት ከሕንዳዊ መምህሬ ነው። በአጤው ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ብዙ የሕንድ መምህራን ነበሩ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያስታውሳቸዋል። የእኛው ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩን። ጠዋት ክፍል ሳይገቡ ከቢሮው ጀርባ ቆመው አፍንጫቸውን በጣት እየዘጉ ሲተነፍሱ አይተን ጉንፋን የያዛቸው መስሎን ነበር። ኋላ ጠይቄያቸው አሳዩኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀኝ እጅህን አመልካችና መሐል ጣት ወደ መዳፍህ እጠፋቸው። አውራ ጣት ለቀኙ ቀዳዳ፣ የቀለበት ጣት ለግራው። ቀኙን ዝጋና በግራ አስገባ። ግራውን ዝጋ፣ ቀኙን ክፈትና በቀኝ አውጣ። በዚያው በቀኝ አስገባ። ቀኙን ዘግተህ በግራ አውጣ። ይህ አንድ ዙር ነው። መጫን የለም፤ ጣቱ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን ክፍል ነክቶ ይዘጋል፣ ያ ብቻ። ድምፅ መሰማት የለበትም። የራስህን ትንፋሽ ከሰማኸው ቸኩለሃል። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ካልከፈቱ አትደንግጥ፤ በተፈጥሮ እየተፈራረቁ ይጠባሉ። ጉንፋን የያዘህ ቀን ግን ተወው።

እኔ ጉልበቴ ስለማይታጠፍ በረንዳ ላይ ወንበሬ ላይ ነው። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል።

የታቦር ጎረቤት

ጋሼ ያቆይልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ቡና ከጠጡ በኋላ ነው በፊት የሚሠሩት?

ጡረተኛው መምህር

በፊት ነው ልጄ። ሆድ ባዶ ሲሆን ነው ደህና የሚሆነው። ምሳ ከበላሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አልነካውም። ጾም ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ያመቻቻል።

የመንትዮች እናት

ልጆች ላሉሽ ልንገርሽ። ልጆቹ እንዳይነሡ ብለሽ ከሠራሽ ጆሮሽ እነሱ ጋ ስለሚሆን ምንም አታርፊም። እኔ የተውኩት ያንን ነው። አሁን አብረውኝ ይቀመጣሉ። ንብ የሚባለውን ነው የምንሠራው፤ ብራማሪ ይሉታል። ጆሮን በጣት ደፍኖ፣ አፍ ዘግቶ «ምምምም» እያሉ ማውጣት። መጀመሪያ በሳቅ ይሞታሉ። ከዚያ ማን ያስረዝማል ብለው ይወዳደራሉ፤ መቼም ማስረዘሙ ነው የሚፈለገው። የታናሽየዋ ግንባር ላይ እጄን ሳደርግ ንዝረቱ መዳፌ ድረስ ይመጣል። ከመኝታ በፊት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከእኔ ቀድመው ነው የሚተኙት።

ፋርማሲስቱ

የንቡ ነገር ላይ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ሰው እያንጎራጎረ ሲያወጣ ከአፍንጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ዝም ብሎ ከሚያወጣበት ጊዜ 15 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ለክተዋል። ጋዙ የሚመነጨው ከግንባርና ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ካሉት የሳይነስ ክፍተቶች ነው፤ ንዝረቱ አየሩን ያወጣዋል። ይህ በሽታ ይፈውሳል ማለት አይደለም። ቲክቶክ ላይ «ሳይነስን በ3 ቀን» የሚሉትን እንዳትሰሟቸው።

ለጊዜ ለሚያጥራችሁ ደግሞ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ያሠሩት ጥናት አለ። ከተሞከሩት ውስጥ ስሜትን በማሻሻል ከሜዲቴሽኑ የበለጠው «የእፎይታ ትንፋሽ» ዓይነቱ ነው። በአፍንጫ ታስገባለህ፣ ሳታወጣ ትንሽ ትጨምርበታለህ፣ ከዚያ በአፍህ ቀስ ብለህ እስኪያልቅ ትለቃለህ። ሰው ልቅሶ ጨርሶ የሚተነፍሰው ትንፋሽ። 5 ደቂቃ ነው፤ ጊዜ የለኝም የሚያሰኝ አይደለም።

ስሜ ይቅር

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር። ዓይኔን ጨፍኜ ዝም ስል መጥፎ ነገር ነው የሚመጣብኝ። ያለፈ ነገር አለ። ሁሉም ሰላም ያገኛል ሲባል እኔ ብቻ የተበላሸሁ ይመስለኛል።

ሲስተር ሐይቅ ዳር

አልተበላሸሽም እህቴ (ወንድሜ ከሆንክም ይቅርታ)። ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት ሊያውከው ይችላል፤ የታወቀ ነገር ነው። ዓይን ተከፍቶም ይሠራል። አንድ ነገር ላይ አሳርፊው፤ መስኮቱ ላይ፣ ዛፉ ላይ። እግርሽ ወለሉን ሲነካ ይሰማሽ። ወይም ቁጭ ማለቱን ትተሽ በእግርሽ እየሄድሽ እርምጃሽን ቁጠሪ። ከባሰብሽ ግን አቁሚ፤ ራስሽን አታስገድጂ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግሪ። ትንፋሽ ለሁሉም ነገር መልስ አይደለም፤ እኔ ራሴ እዚህ ላይ እየጻፍኩ የምፈራው ሰው ሕክምናውን በዚህ እንዳይተካው ነው። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ስሜ ይቅር

እህት ነኝ። እሺ፣ እጽፍልሻለሁ።

ሐዋሳ ዮጋ ፈላጊ

የዓለም የዮጋ ቀን ሰኔ 14 ነው አይደል? ተባበሩት መንግሥታት በ2014 እ.ኤ.አ. ወስኖ ከ2015 ጀምሮ ነው የሚከበረው። ለምን አንድ እሑድ ጠዋት ሰብሰብ ብለን አንሠራም? ምንጣፍ ይዞ መምጣት ነው።

ታቦር ላይ ሯጭ

ምንጣፍ አያስፈልግም፣ ጋቢ ይበቃል። ዝናቡ ነው እንጂ የሚያሳስበው።

ሰንበት ተማሪ

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ አድርጉት፤ ከመጣሁ ልሩጥ ነው የምመጣው።

የታቦር ጎረቤት

ተመልሻለሁ። ሰኔ 30 አለፈ፣ ሒሳቡም ተዘጋ፣ እኔም አለሁ።

የያዝኩት የሲስተርን 4 እና 6 ነው። ጸሎቴን ከጨረስኩ በኋላ፣ ሲኒዎቹን ሳላወርድ፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ። 10 ደቂቃው በዝቶብኝ ወደ 5 አወረድኩት፤ ከዚያ ራሱ እየጨመረ መጣ። ሁለተኛው ልጄ እየመጣ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። አላባርረውም፤ ሆዱ ከሆዴ ጋር ሲነሣ ሲወርድ እንደውም መቁጠሪያ ሆነልኝ። የመምህሩን የአፍንጫውን ቢሮ ውስጥ ለመሥራት ድፍረቱ አልመጣም። በር መዝጋት ስለማይፈቀድ የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

እንቅልፌ ተሻሽሏል። ደረቴን የሚጨንቀኝ አልፎ አልፎ አለ፤ ሲመጣ ግን እንደ በፊቱ ሐኪም ቤት አያስሮጠኝም። ከትንፋሹ ነው ወይስ ሰኔ በማለቁ? የሒሳብ ሰው ነኝና ሁለቱ ወጪዎች አንድ ላይ ሲገቡ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም። የሚቀጥለው ሰኔ ይለየዋል። ንስሐ አባቴ ደግሞ «ቁጥሩን ትተሽ እግዚኦታውን አድርጊበት፣ አትቸኩዪ ብቻ» አሉኝ።

ፋርማሲስቱ

@ሰንበት ተማሪ፣ ሰማህ?

ሰንበት ተማሪ

መጀመሪያም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሺፍት ሲ

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ይቅርታ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ሺፍቴ ይቀያየራል። ጠዋት የሚባል ቋሚ ነገር የለኝም። ቤት የምጋራቸው ሦስት ልጆች አሉ፤ አንዷ ሁልጊዜ ተኝታ ነው። እንዴት ላድርግ?

ሲስተር ሐይቅ ዳር

እኔም ሺፍት ነኝና ሰዓት ሳይሆን ቅደም ተከተል ያዢ። ከሥራ ገባሽ፣ ተጣጠብሽ፣ ስልክሽን ራቅ አድርገሽ አስቀመጥሽ፣ ከዚያ ጋደም ብለሽ 4 እና 6። የሚተኛ ሰው አጠገብ ስለሆንሽ የንቡን ተዪው፤ ያ ቶሎ ቶሎ የሚባለውንም ከእንቅልፍ በፊት አትንኪው፣ ያነቃል። መሐል ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ አትነሺ፤ ተኚ።